ዜና ዊስቲን፤ የአማታቸውን የላይ ጥርስ ከባሕር ስለ ማውጣታቸው

ንጽሐፍ እንከ። በዊስቲን ዘመን፣ ይኸውም እናታቸው በወለደቻቸው በሃምሳ ሰባተኛው ዓመት፣ ቪቶሪንን ባገቡ በሠላሳ አንደኛው፣ ከአውቶቡስ ሾፌርነት በጡረታ በተሰናበቱ በሁለተኛው፣ የግራ ጉልበታቸው ዝናብ መምጣቱን ከራዲዮ ቀድሞ መናገር በጀመረ በስድስተኛው ዓመት፣ በወርኀ ነሐሴ፣ በበዓሉ ቀን ከጧቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በጎዞ ደሴት በታል-ሐሩብ መንደር፣ ከዚያ በፊት ያልሆነ፣ ከዚያም በኋላ እንዳይሆን ሁሉም የሚመኘው ነገር ሆነ።

ዊስቲን ማን እንደ ሆኑ የማያውቅ ካለ ይወቅ። በሠላሳ ዓመት የሾፌርነት ዘመናቸው በጠባብ መንገድ ላይ ለማንም መኪና ወደ ኋላ ያላሉ፣ የደሴቲቱን ዳርቻ በአየር ጋን እየጠለቁ ዋሻ በዋሻ የመረመሩ፣ የአለቱ ፍየል፣ የማዕበሉ ግሥላ፣ ባለ ሁለቱ የእግር ክንፍ፤ በየብስ ግን አማታቸው ፊት ሲቀርቡ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ ሰው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታል-ሐሩብ አንድ አደባባይና ሁለት የማርሽ ባንድ ክለቦች አሏት፤ አንዱ ላይኛው፣ አንዱ ታችኛው ይባላል። ሰው በአንዱ ይወለዳል፣ በዚያው ይቀበራል። ዊስቲን በታችኛው ተወለዱ፤ ወንድማቸውም እስከ ዛሬ እዚያ ጥሩምባ ይነፋል። ወይዘሮ ቪቶሪን ግን የላይኛው ልጅ፣ ያውም የኔኑ ልጅ ናቸው። ኔኑ ማለት ቦምባርዲኖ የተባለውን፣ አንድ ጠቦት በእቅፍ የተያዘ የሚመስለውን የናስ መለከት ስድሳ ዓመት የነፉ፣ በበዓሉ ማታ በአደባባዩ መካከል ብቻቸውን የሚጫወቱት ዜማ የተመደበላቸው፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት አዛውንት ናቸው። ሐኪም ሳንባቸውን አዳምጦ “ዘንድሮ የመጨረሻዎ ይሁን” ብሏቸው ስለ ነበር፣ የዚያ ማታው ዜማ የስንብት ዜማ ነበር፤ መንደሩም ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር።

ኔኑ ክፉ ሰው አይደሉም። አማቻቸውን ከገበታቸው ያስቀምጣሉ፣ ወይን ይቀዱላቸዋል። የበዓሉ ዜማ ሲደርስ ግን በታችኛው የተወለደ ሰው በላይኛው ሕዝብ መካከል አይቆምምና፣ ዊስቲን ሠላሳ አንድ በዓል ሙሉ ከፋርማሲው ጥግ፣ ከቆሙት መኪኖች አጠገብ ሆነው ነው የሰሙት። ከዚያ ጥግ ደግሞ ከበሮው ጎልቶ ይሰማል እንጂ ቦምባርዲኖው ግማሹ ነፋስ ይበላዋል። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ያማቸው ግን ነበር።

ወእምዝ የሆነውን ስሙ። በበዓሉ ጧት ላይኛው ክለብ ማርሹን እየመታ መንደሩን ከዞረ፣ እርስ በርሱም ወይን ከተራጨ በኋላ ለመታጠብ ወደ ባሕር መውረድ ሥርዓቱ ነው። አሸዋ ያለውን፣ መኪና የሚገባበትን፣ አይስክሬም የሚሸጥበትን ዳርቻ ታችኞቹ ከመቶ ዓመት በፊት ይዘውታል። ለላይኞቹ የተረፈው ኢል-ቡት ነው፤ ትርጓሜውም ኪስ ማለት ነው። ገደሉ በሦስት ጎን ሰፍቶታል፣ በአራተኛው ማዕበሉ ከድንጋዩ ጋር ሲጣላ ይውላልና ጀልባ አይደፍረውም። መንገዱ ከአለቱ የተፈለፈለ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ደረጃ ነው፤ ከደረጃውም በታች ቤት ቤት የሚያካክል ድንጋይ በገመድ ይወረዳል። ቁጥሩን የሚጠራጠር ወርዶ ይቁጠር፤ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ቆጥሯል፣ ዳግመኛ አይቆጥርም።

ዊስቲንም በዚያ ጧት አብረው ወረዱ፤ መታጠብ ለማንም አልተከለከለምና። ኔኑ በውሃው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ በስድሳ ዓመት ክብራቸው ተንሳፍፈው ሳለ፣ ዊስቲን ጥቂት ራቅ ብለው እየዋኙ አማታቸውን ደስ ለማሰኘት በገዛ ወንድማቸው ላይ ቀልድ አወጁ፤ አዋጁም ይህ ነበር፦

“አባባ፣ ታች ባለፈው ዓመት ምን እንደ ሆነ ሰምተዋል? ወንድሜ ጥሩምባውን ቢነፋ ከማሳው አህያ መለሰለት። ሕዝቡም አጨበጨበና ‘አህያው ይድገመው!’ አለ።”

ኔኑ በአማቻቸው ቀልድ ሠላሳ አንድ ዓመት ስቀው አያውቁም። በዚህች ቅጽበት ግን ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው፣ በሦስተኛው በሙሉ አፋቸው ሳቁ፤ በዚህም በሦስተኛው ሰው ሠራሹ የላይ ጥርሳቸው፣ አሥራ አራቱም በአንድ ሰልፍ እንደ ቆሙ፣ ከአፋቸው ዘልሎ ወጣ፣ ፀሐይ ላይ አንድ ጊዜ አበራ፣ ጠብ አለ፣ ሰመጠ። ወኮነ ዐቢይ ሁከት። ከድንጋዩ አጠገብ ባሕሩ አሥራ ስምንት ሜትር ነው።

መለከት የሚነፋ ሰው ከንፈሩን የሚያሳርፈው በላይ ጥርሱ ላይ ነው፤ ያለ ጥርስ ቦምባርዲኖ የቧንቧ ቁራጭ ነው። የጥርስ ሐኪም በበዓል ቀን አይገኝም፤ ቢገኝም አዲስ ጥርስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ዜማው ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ይህን ሁሉ እያንዳንዱ በየልቡ ካሰላ በኋላ፣ ከክላሪኔት ነፊዎቹ አንዱ፣ ወይን በራሱ ላይ እንደ ደረቀ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ አወጀ፦

“ሆን ብሎ ነው! ታችኞቹ ልከውት ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይቺን ቀን ሲጠብቅ ኖሮ ነው!”

ሕዝቡም ዞሮ ዊስቲንን ተመለከተ። ዊስቲን እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ፤ የቀረውንም ለማስገባት ተመኙ። ያን ጊዜ ኔኑ በአንድ እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ በሌላው ጸጥታ አዘው አወጁ። ይህ አዋጅ ያለ ጥርስ የተነገረ ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው የጎደሉትን ጥርሶች ከራሱ ጨምሮበታል፦

“ዝም በሉ! ማንም ማንንም አልላከም። ጥርሴን ግን አምጡልኝ። ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ጥሩ ነበር አልነበረም እንነጋገራለን።”

ዊስቲንም ይህን በሰሙ ጊዜ ጥርሱን ከባሕሩ ሊያወጡ በልባቸው ማሉ። ጥርሱ ካልተገኘ ከፋርማሲው ጥግ እንኳ እንደሚባረሩ፣ በየዓመቱም በዚህ ቀን “የኔኑን ዜማ ያጠፋው” እየተባሉ እንደሚኖሩ፣ ከሁሉም ይልቅ ሽማግሌው መለከታቸውን ዝም ብለው ታቅፈው እንደሚቀመጡ ታያቸውና፣ ሰባት እጅ ወይን እንደ ጠጣ ሰው ሳይሆን እንደ ፍየል ሁለት መቶ አሥራ ስምንቱን ደረጃ ወጡ። በመቶ ስልሳኛው ላይ ፍየልነቱ አለቀና በእጃቸው ጨመሩበት። እርሳቸው በዚያ ጧት ወይን አልቀመሱም ነበር፤ የታችኛው ልጅ በላይኛው ወይን አይራጭምና። ለጠላቂ ሰው ይህ ደግ ሆነላቸው።

ከዚያም የዘመቻው ሠራዊት ተሰለፈ። ሠራዊቱም አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም ዳቦ ጋጋሪው ሌሊ፣ የዊስቲን የሃያ ዓመት የመጥለቅ ባልንጀራ፣ ወርዱ ከምድጃው በር የሚበልጥ፣ በየብስ ሲራመድ የሚያለከልክ፣ በውሃ ውስጥ ግን እንደ ላባ የሚቀል ሰው ነው። በዓሉን ምክንያት አድርጎ ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ ተኝቶ ነበር፤ ዊስቲን መስኮቱን ደበደቡ፤ እርሱም ከነካናቴራው ብቅ ብሎ ዘመቻውን ሰማ፣ ሳቀ፣ ደግሞ ሳቀ፣ ወጣ።

የጦር ዕቃቸውም ይህ ነበር፦ እያንዳንዱ አንድ ልጅ የሚመዝን ሁለት የአየር ጋን፤ አንዱ በክርኑ የተጣፈ ሁለት የጎማ ልብስ፤ መነጽር፣ ጓንት፣ የእግር ክንፍ፣ የእጅ መብራት፤ የቲማቲም ድልህና የዓሣ ሥጋ ያለበት የሌሊ ሁለት ክብ ዳቦ፣ “ድል ቢዘገይ” ብሎ የያዘው፤ እንዲሁም የቪቶሪን የወጥ ማጥለያ ማንኪያ፣ ከአሸዋ ውስጥ ጥርስ ለመልቀም የተመረጠች። ወይዘሮ ቪቶሪን በር ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ “ሁሉንም ይዛችኋል?” ብለው ጠየቁ፤ ዊስቲንም ሦስት ጊዜ “ሁሉንም” ብለው መለሱ። ይህ ሦስተኛው “ሁሉንም” በታሪክ ይታወስ።

ወወረዱ። የቀኑ ሰባት ሰዓት ፀሐይ በገደሉ ላይ ተጣብቃ ነበር። ጋኑ ከጀርባቸው እየገፋ፣ የጎማው ልብስ ላባቸውን እንደ ሾርባ እያፈላ፣ ደረጃውን በየሃያው እያረፉ ወረዱ። ሌሊ በሰማንያኛው ላይ ተቀምጦ አንዱን ዳቦ በላ፤ “ሸክም ለማቅለል ነው” አለ። በገመዱም ዕቃውን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ክላሪኔቶቹም ከታች ተቀበሏቸው፣ አንድ የእግር ክንፍ ብቻ ጣሉ፣ እርሱም ተለቀመ። ዊስቲን ጋናቸውን ለበሱ፣ መነጽራቸውን በምራቃቸው ቀቡ፣ ወደ አማታቸው ዞረው እጅ ነሡ፣ ከድንጋዩም ላይ አንድ ትልቅ እርምጃ ወደ ባሕሩ ተራመዱ።

አልሰመጡም።

ጋኑን ከያዘው፣ አየር ከሚሞላው ጃኬታቸው አየሩን ሁሉ አስተነፈሱ፤ ተንሳፈፉ። ራሳቸውን ወደ ታች ደፍተው እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቀሉ፤ እግራቸው ብቻ ትንሽ አየር ላይ ከቀዘፈ በኋላ የጎማው ልብስ እንደ ቡሽ መልሶ አወጣቸው። ሌሊም ተከተለ፤ እርሱ ከቡሽም ቡሽ ነበር። የላይኛው ክለብ ሕዝብ የባሕሩን ግሥላ በዚህ ሁኔታ ተመለከተ። ዊስቲን ወገባቸውን ዳሰሱ፤ ባዶ ነበር። የእርሳስ ቀበቶው የለም። ወደ ጥልቁ የሚያወርደው እርሱ ብቻ ነውና፣ ያለ እርሱ ጠላቂ ጎማ የለበሰ ዋናተኛ ነው። በዚህ ዳርቻ ወደ ባሕር የሚጠልቅ ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይህን ከደረጃው አናት ይረሳል፤ የሚረሳው ግን ተራ እሑድ ላይ ነው፣ የአማቱ ጥርስ በሰመጠ ቀን አይደለም።

በዚያው ቅጽበት ከገደሉ አናት ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ቪቶሪን ነበሩ። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ሁለት የእርሳስ ቀበቶ በሁለት ትከሻቸው ላይ እንደ ጥይት ዝናር አጋድመው ቆመው አወጁ፦

“ዊስቲን! አንተ ዊስቲን! ክብደትህ እዚህ ነው! መኪና ውስጥ ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት! ‘ሁሉንም’ አይደል ያልከኝ? ሦስቴ!”

በሃምሳኛው ደረጃ፣ ጫማቸውን አውልቀው በጥርሳቸው ይዘው፣ ከዚያም አውጥተው፦

“ይቺን ጸጉር የተሠራኋት ለማታ ነበር! ለማታ! ሌሊ፣ አንተ ደግሞ አትሳቅ፣ ያንተንም ቀበቶ ነው የተሸከምኩት!”

በመቶ ሃያኛው፦

“እናንተ ክላሪኔቶች ምን ታፈጣላችሁ? አንዳችሁ መጥታችሁ ብትቀበሉኝ ምን ትሆናላችሁ? ለማውራት ጊዜ አፋችሁ ሰፊ ነው!”

ክላሪኔቶቹም ተሽቀዳድመው ወጡ፤ ቪቶሪን ግን ለማንም አልሰጡም፤ በገመዱም ራሳቸው ወረዱ። ቀበቶውን ለባላቸው ሲያስታጥቁ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ይህንንም አዋጅ ለአንድ ሰው ብቻ አወጁት፦

“ስማኝ። አባባ ዛሬ ካልነፋ ይሄ ነገር እድሜ ልክህን ሲነሣብህ ይኖራል። ባንተ ላይ ሲነሣ እኔም ላይ ነው የሚነሣው። እኔ እንደሆነ ያንተን ቀልድ ወድጄዋለሁ። በል ውረድ።”

ዊስቲን ይህን ሰምተው በመነጽራቸው ውስጥ ዓይናቸው ረጠበ፤ ውሃ ገብቶ ነው ቢሉም ያን ጊዜ ከባሕሩ ወጥተው በድንጋዩ ላይ ቆመው ነበር። ወወረዱ፣ በዚህ ጊዜም በእውነት ወረዱ።

ከማዕበሉ በታች ሁከቱ ሁሉ ቀረ። የሚሰማው የራሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ ሲገባ የሚያፏጭ፣ ሲወጣ የሚንከባለል። የገደሉ ግድግዳ ወደ ሰማያዊው ጨለማ ይወርዳል፤ ትንንሽ ጥቋቁር ዓሦች እንደ ገበያ ሕዝብ ከፊታቸው ተከፍለው መንገድ ሰጡ። በአሥራ ስምንት ሜትር አሸዋው ደረሱ። ሌሊ መብራቱን ያዘ፣ ዊስቲን ማጥለያ ማንኪያውን መዘዙ፣ ጎን ለጎን እንደሚያርስ ጥንድ በሬ አሸዋውን እየፈተሹ ሄዱ። ጠርሙስ አገኙ፣ ሌላ ጠርሙስ አገኙ፣ የክላሪኔት አፍ አገኙ፣ ለስንት ዓመት እንደ ተቀመጠ የማይታወቅ ጫማ አገኙ። ከዚያም ማንኪያው አንድ ነገር መታ፤ አሸዋው ሲገለጥ ጥርስ ሳቀ።

ዊስቲን በውሃ ውስጥ ጮኹ፤ ድምፃቸው አረፋ ሆኖ ወጣ። ከነጥርሱም ወጡ፣ እጃቸውንም ወደ ላይ ሰቀሉ፣ ላይኛው ክለብ ሁሉ ድንጋዩን በእግሩ እየመታ እልል አለ። ኔኑ ጥርሱን በወይን አጥበው ወደ አፋቸው አደረሱ፣ ገፉት፣ ሳቡት፣ አዞሩት፤ ፊታቸውም ቀስ እያለ ጠቆረ። አውጥተው በፀሐይ አዩት፤ ከጎኑ አንድ የወርቅ ጥርስ አበራ። ያን ጊዜ ይህን አወጁ፦

“ይሄ የኔ አይደለም! የማንን አፍ ነው የምታጎርሱኝ?”

የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ዙሪያውን ተመለከቱ። የሚገርመው ነገር፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በኪስ ዳርቻ ላይ የነበሩት ከአምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ሁሉ አፋቸውን ገጠሙ። የትልቁ ከበሮ መቺ ሰማይ ሰማይ አየ። ጸሐፊውም አንድ ሰው ከንፈሩን በመሐረብ ሲሸፍን አይቷል፣ ስሙን ግን አይጽፍም፤ ጎረቤቱ ነውና። ባለቤት ስላልተገኘለት ዊስቲን ያንን ጥርስ ወደ ጓንታቸው ከተቱት። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኖ ነበር፤ በጋናቸው ውስጥ የቀረው አየር ግማሽ ነበር፤ ሌሊም ሁለተኛውን ዳቦ ጨርሶ ነበር።

ዳግመኛ ወረዱ። አሸዋውን ትተው በዚህ ጊዜ ወደ ግድግዳው ሥር ሄዱ፤ የወደቀ ነገር በማዕበል ወደዚያ ይገፋልና። በዚያም ከአንድ ስንጥቅ አፍ፣ የአንድ አመጸኛ ምሽግ ቆሞ አገኙት። ምሽጉ ከዛጎል፣ ከጠርሙስ ክዳን፣ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ የተገነባ ሲሆን፣ በመካከሉ፣ በር ላይ እንደ ተሰቀለ ጌጥ፣ የኔኑ የላይ ጥርስ ወደ ውጭ ዞሮ ተተክሎ ነበር። ቤቱ ራሱ የሚስቅ ይመስል ነበር። ከጥርሱም በላይ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ሁለት ቢጫ ዓይን ይመለከታቸው ነበር፤ ባለ ስምንት ክንዱ ኦክቶፐስ ነበረ።

ሌሊ ይህን ባየ ጊዜ ሳቀ። በውሃ ውስጥ መሳቅ ክልክል ነው፤ ጉንጭ ሲነሣ መነጽር ይከፈታልና። የሌሊ መነጽር እስከ ቅንድቡ ሞላ፤ ውሃውን በአፍንጫው እየነፋ ያወጣል፣ ቤቱን ያያል፣ ደግሞ ይስቃል፣ ደግሞ ይሞላል። እንዲህም እያደረገ ከውጊያው ውጭ ሆነ።

ዊስቲን ብቻቸውን ቀረቡ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ኦክቶፐሱም አንድ ክንዱን ዘረጋና ጥርሱን አንድ ጣት ያህል ወደ ቤቱ ሳበው። ማንኪያቸውን ሰነዘሩ፤ በሁለተኛው ክንዱ ማንኪያውን ነጠቃቸው፣ በሦስተኛው ተቀበለው፣ ከምሽጉ ጋር ጨመረው። ከእንግዲህ የቪቶሪን ማንኪያ የአመጸኛው ንብረት ሆነች። ዊስቲን ተቆጡ፣ ቀረቡ፣ በግራ እጃቸው ጥርሱን ያዙ፤ ኦክቶፐሱም ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር ተለወጠ፣ ሁለት ክንዱን በእጅ አንጓቸው ላይ ጠመጠመ፣ ጎተተ። ጎተቱ። ሃያ ዓመት ሲጠልቁ እንደዚህ ያለ የሚተናነቅ አላጋጠማቸውም። አየር መለኪያቸውን አዩ፤ ብዙም አልቀረም። ቢጎትቱ ጥርሱ መሰበሩ ነው፤ ቢተዉት ደግሞ ማታ ዝምታ ነው።

ወይእተ ጊዜ ጥበብ ወረደላቸው። እንደ ጦረኛ መሆናቸውን ትተው እንደ ነጋዴ ሆኑ፤ ከጓንታቸው ውስጥ ባለ ወርቁን ጥርስ አወጡና በመብራቱ ፊት አብለጨለጩት። ቢጫው ዓይን ወደ ወርቁ ዞረ። ሌላ ክንድ፣ ከዚያም ሌላ፣ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ወርቁን ዳሰሰ፣ ወደደው፤ ወደ ቤቱም ለማስገባት ሲሰበስብ ከእጅ አንጓቸው ላይ ተፈታ። የኔኑ ጥርስ በዊስቲን መዳፍ ውስጥ ቀረ። ኦክቶፐሱም በደጃፉ ላይ አዲሱን ጥርስ አስተካክሎ ተከለና በሰላም ተለያዩ።

አሁን ግን ከጥልቅ የሚወጣ ሰው የሚያከብረው ሕግ አለ፤ ሊወጣ አምስት ሜትር ሲቀረው ሦስት ደቂቃ ባለበት ተንሳፍፎ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ ደሙ ውስጥ ያለው አየር ይበድለዋል። ዊስቲንና ሌሊም ቆሙ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ግን አረፋው ባለበት ይፈላል፣ ሰው አይወጣም። ኔኑ ይህን አዩ። በመጀመሪያው ደቂቃ አረፋውን ቆጠሩ። በሁለተኛው ተነሡ፣ በሦስተኛው እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ባዶ አፋቸውን ሳይሸፍኑ ጮኹ፦

“ይውጣ! ኧረ ልጁን አውጡልኝ! ጥርሱ ገደል ይግባ! ዜማው ይቅር፣ ልጄን አውጡ!”

ወይዘሮ ቪቶሪን ሕጉን ያውቃሉ፤ የሃያ ዓመት የጠላቂ ሚስት ናቸውና። ነገር ግን ለአባታቸው አልነገሩም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው፣ የተበላሸ ጸጉራቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሽማግሌው እስኪጨርሱ ጠበቁ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የተባለው በሠላሳ አንድ ዓመት አልተባለም ነበርና። ዊስቲን ይህን አዋጅ አልሰሙም፤ ሲወጡ ያዩት አማታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ሲቆጧቸው ነው፤ “ምን አደረግሁ?” ብለው በፍርሃት ጥርሱን ዘረጉላቸው። ኔኑ ሳያጥቡት ገጠሙት። ቀጭ አለ። ወተፈሥሑ ኵሎሙ።

ሁለት መቶ አሥራ ስምንቱን ደረጃ ወደ ላይ ስለ መውጣታቸው ጸሐፊው አይጽፍም፤ ያለቀሱም ነበሩና።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ ከደወሉ ቤት ጀርባ ስትወርድ፣ ዊስቲን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ የመነጽሩ ምልክት በፊታቸው ላይ ክብ ሠርቶ፣ ከፋርማሲው ጥግ ቆሙ። ሁለት ጆሮአቸው በባሕር ውሃ ተደፍኖ ነበር። ራሳቸውን ቢያንጋድዱ፣ በአንድ እግራቸው ቢዘሉ አልወጣም። ባንዱ ሲመታ እንደ ጎረቤት ቴሌቪዥን ነው የተሰማቸው። በልባቸውም፣ ዘንድሮስ ከዚህም ጥግ ግማሹን እንኳ አልሰማው አሉና አዘኑ።

ኔኑ በመድረኩ ላይ ተነሡ። ቦምባርዲኖውን ታቀፉ፣ ከንፈራቸውን አሳረፉ፣ መልሰው አነሡ። ያን ጊዜ በአሥራ አራቱም ጥርሳቸው፣ ጥርት ባለ ቃል፣ ላይኛውም ታችኛውም እየሰማ አወጁ፦

“አማቼ እዚህ ካልመጣ አልነፋም። ከፋርማሲው ጥግ ነው ያለው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ የጠራሁትም እኔ ነኝ። ማንም ቅር ያለው ካለ የራሱን ጥርስ ይቁጠር!”

ዊስቲን አልሰሙም። ያዩት የሕዝቡ ፊት ሁሉ ወደ እርሳቸው መዞሩን ብቻ ነው። ደነገጡ፤ በፍጥነት የሱሪያቸውን ዚፕ ፈተሹ፤ ዝግ ነበር። ከኋላቸው ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው ዞረው አዩ፤ የቆመ መኪና ነበር። ሌሊ እየገፋ ሰዉን ከፍሎ መጣና እጃቸውን ይዞ ጎተታቸው፤ ሕዝቡም እንደ ኪሱ ዓሦች ከፊታቸው ተከፈለ፤ ቪቶሪን ጸጉራቸውን በመሐረብ አስረው ወደ ጎናቸው መጡ፤ ያ “ሆን ብሎ ነው” ያለው ክላሪኔት ነፊ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ሽማግሌው ወደ አማቻቸው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ዊስቲን የከንፈሩን እንቅስቃሴ ብቻ አይተው፣ ገባኝ እንዲመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኔኑ ነፉ። ዊስቲንም ሰዎች ሲያለቅሱ ያያሉ፣ የሽማግሌውን ጉንጭ ሲሞላና ሲጎድል ያያሉ፣ ዜማውን ግን አይሰሙም፤ አሁንም አሥራ ስምንት ሜትር ያሉ ይመስላቸዋል። ዜማው ወደ መጨረሻው፣ ወደ ላይ ወደሚወጣበት ሲደርስ፣ እንባቸውን ለመደበቅ ራሳቸውን ወደ ጎን አዘነበሉ። በግራ ጆሮአቸው አንድ ነገር ላላ፤ ለብ ያለ ውሃ ወደ አንገታቸው፣ ወደ ንጹሕ ሸሚዛቸው ወረደ። ከዚያም ድምፁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባ፤ ቅርብ፣ ወፍራም፣ ከሽማግሌው ደረት ሳይጎድል፣ ነፋስ ሳይነካው። ዊስቲን ጮክ ብለው ሳቁ፣ በዚያ በዜማው መካከል፣ እንደ ሞኝ ሳቁ፤ ኔኑም ትንፋሻቸውን ሳይቆርጡ በዓይናቸው ሳቁላቸው፤ ጥርሳቸው በቦታው ጸና።

ስለዚህ ውዳሴ ለዊስቲን ይሁን፤ የጥልቁ ግሥላ፣ የአውቶቡሱ አንበሳ፣ ያለ ቀበቶ የተንሳፈፉ፣ በቀበቶ የወረዱ፣ ከስምንት ክንድ ጋር ተናንቀው በወርቅ የታረቁ፣ ጥርስን ወደ አፍ፣ ዜማን ወደ ጥርስ የመለሱ። ስማቸውም በላይኛው ክለብ የክብር መዝገብ ላይ ተጻፈ፤ በታችኛው ለተወለደ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ከስማቸውም ጎን ማን እንደ ሆኑ መጻፍ ልማድ ነውና፣ ኔኑ እስክሪብቶውን ከጸሐፊው እጅ ወስደው በገዛ እጃቸው “ልጄ” ብለው ጻፉበት።